ያልተገኘው ንጹሕ ፈረንጅ

ኦቶ አሞን የሚባል ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በባደን ለውትድርና የሚቀርቡ ጎረምሶችን ራስ በሺዎች ለክቷል። ቁመታቸውን፣ የዓይናቸውንና የፀጉራቸውን ቀለም፣ የራሳቸውን ርዝመትና ስፋት ጽፎ ይዟል። በዚያው ሰሞን አሜሪካዊው ዊልያም ሪፕሊ የአውሮፓን ሕዝብ በዘር የሚከፍል መጽሐፍ እያዘጋጀ ነበርና ከአሞን ቀላል የሚመስል ነገር ፈለገ፦ የንጹሕ «አልፓይን» (ድንድን ያለ፣ ራሰ ክብ የተባለ የአውሮፓ ዘር) ሰው ፎቶግራፍ። አሞን ሊሰጠው አልቻለም። ራሰ ክብ ሰው ሞልቶታል። ግን አንዱ ፀጉሩ ወርቃማ ሆኖበታል፣ አንዱ ቁመቱ ረዝሞበታል፣ ሌላው አፍንጫው ቀጥኖበታል። ከዚያ ሁሉ ወታደር መሐል እንከን ያልወጣለት አልተገኘም።

ይህን የጻፈው ተቃዋሚ አይደለም፤ ሪፕሊ ራሱ ነው፣ በ1899 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሺዎችን ለክቶ አንድ ያጣ ሰው ምድቡን ራሱን ቢጠረጥር ማንም አይፈርድበትም ነበር። ሪፕሊ ግን «ዓይነት» ማለት ከብዙ ሰው ተለቃቅሞ በአእምሮ የሚሳል ነገር ነው፣ በአንድ ሰው ላይ ሙሉውን ማግኘት ግድ አይደለም ብሎ አለፈው። እኔ ነገሩ የተበላሸው እዚህች ጋ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ዓይነቱ ተሳለ፤ ሰው የተፈለገለት በኋላ ነው።

ያረጀና የተቀበረ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ወጣት የታዋቂ ተዋንያንን ፎቶ ደርድሮ፣ አፍንጫና አገጫቸው ላይ መስመር እያሰመረ «ይሄ ኖርዲክ ነው፣ ይሄ ዲናሪክ፣ ይቺ ሜዲትራኒያን» ይላል። የበሬ ተራ ደላላ ነው የሚመስለው፤ ጥርስ መክፈት ብቻ ነው የቀረው። «ጋሼ፣ እኛ እኮ በዘር ሜዲትራኒያን ነን» አለኝ ልጁ። ማን አለ ብለው፣ «ፈረንጅ መጥቶ ለክቶ ነዋ!»

ግማሹን አልተሳሳተም። እውነትም ፈረንጅ መጥቶ ለክቷል፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሲለካ የኖረው ምን እንደሆነ እንይ።

እነዚህ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚመኩት ስዊድናዊው አንደርስ ሬትዚየስ በ1840ዎቹ ባመጣው ስሌት ነበር። የራስ ስፋት ለርዝመቱ ይካፈልና በ100 ይባዛል። ከ75 በታች የመጣለት ራሰ ሞላላ፣ ከ80 በላይ የመጣለት ራሰ ክብ፣ በመካከል ያለው መካከለኛ ይባላል። እኔም ሞከርኩት። ካሊፐር የሚሉት የራስ መለኪያ መቆንጠጫ ስለሌለኝ ምንጣፍ ላይ ተጋደምኩና ራሴን በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መሐል አድርጌ፣ በመሐላቸው ያለውን ርቀት በማስመሪያ አስለካሁ። ስፋቱ 15.2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 19.1 ሆነ። ሲሰላ 79.6፤ መካከለኛ ነኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ሲለካኝ መጽሐፉን ላላ አድርጎ ያዘውና ስፋቱ 15.4 ሆነ። 80.6! በሁለት ሚሊ ሜትር፣ ያውም ቁርስ ሳልበላ፣ ምድብ ቀየርኩ።

የልኬት ስህተቱስ ይሁን፤ በካሊፐር ሊታረም ይችላል። ትልቁ ጉድለት ግን የትኛዋም እናት የምታውቀው ነው። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ከተኛ ራሱ ከኋላ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተኛ ይንጋደዳል። አራስ ቤት እናቶቻችን ልጁን እያገላበጡ የሚያስተኙት፣ ራሱን በቅቤ እያሹ «የሚያበጁት» ለዚህ ነው። በባልካንና በሊባኖስ አካባቢ ሕፃናት ለወራት በሚወዛወዝ የእንጨት አልጋ ላይ በጀርባቸው ታስረው ያድጉ ነበር። «ዲናሪክ» እና «አርመኖይድ» ለተባሉት ዘሮች እንደ ዋና ምልክት የተጻፈው ጠፍጣፋ የራስ ኋላ በከፊል የዚያ አልጋ ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ካሊፐራቸውን ይዘው ተራራ ከመውጣታቸው በፊት አንዲት አዋላጅ ቢጠይቁ ብዙ ወረቀት ይተርፍ ነበር።

ይህን በቁጥር ያሳየው የአንትሮፖሎጂ ሊቁ ፍራንዝ ቦአስ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ስደተኞችን እንዲያጠና ባቋቋመው ኮሚሽን ሥር ሆኖ ኒው ዮርክ ውስጥ 18,000 ገደማ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለካ፤ ውጤቱ በ1911 ወጣ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁዶች ራሰ ክብ ነበሩ፤ አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻቸው ራስ ረዘም ብሎ ተገኘ። ከሲሲሊ የመጡት ደግሞ ራሰ ሞላላ ሆነው ሳለ የልጆቻቸው ራስ አጠር ብሎ ወደ ክብነት አደላ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ በ2002 መረጃውን እንደገና ያሰሉ ተመራማሪዎች ቦአስ አጋኖታል አሉ፤ በዓመቱ ሌሎች ያንኑ መረጃ አስልተው በመሠረቱ ትክክል ነበር ብለው መለሱ። የራስ ቅርጽ ውርስ የለውም ያለ ማንም የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ በባሕር ጉዞ የሚነቃነቅ ነገር የሺህ ዘመን ዘር ማኅተም ሊሆን ይችላል ወይ?

ሪፕሊ በዚህ ሚዛን ነው አውሮፓን ለሦስት የከፈላት። በሰሜን ረጅም፣ ወርቃማ ፀጉር፣ ራሰ ሞላላ፤ እሱ «ቴውቶኒክ» አለው፣ በኋላ «ኖርዲክ» የሚለው ስም አሸነፈ። ከፈረንሳይ መሐል እስከ ስዊዘርላንድና ቲሮል ድንድን ያለ ራሰ ክብ፤ «አልፓይን»። በደቡብ አጠር ያለ፣ ጥቁር ፀጉር፣ ራሰ ሞላላ፤ «ሜዲትራኒያን»። ሰውየው በሙያው የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበር። ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ወደ ባቡር ኩባንያዎች ጉዳይ ተመለሰና በዚያ ስም አተረፈ። ጣጣው ግን ለሌላው ተረፈ።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረው ጆሴፍ ደኒከር ያንኑ መረጃ ይዞ ሦስት ሳይሆን ስድስት ዋና እና አራት ንዑስ ዘሮች አገኘ። «ኖርዲክ» የሚለው ስምም የሱ ነው። አሜሪካዊው ካርልተን ኩን በ1939 ሲቆጥር ከደርዘን በላይ ደረሰ። ወንዝ የቆጠሩ ሰዎች አንዱ ሦስት፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ አሥራ አምስት ቢሉ፣ ወንዙን አይተውታል ወይ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

ስሌቱ ለምን አልገጠመም ለሚለው መልሱ ከቤታችን አይርቅም። በአንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ እናትና አባት፣ አንዱ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ ሦስተኛው የቀይ ዳማ፣ ታናሹ ጥቁር ሆነው ይወለዳሉ። ቀዩ አጭር፣ ጥቁሩ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ አፍንጫው ደግሞ ከአያት የመጣ። ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፣ የዓይን ቀለምና የራስ ቅርጽ በአንድ ጥቅል ታስረው አይወረሱም። እያንዳንዱን የሚወስኑት ብዙ ዘረ መሎች ናቸው፤ ለየብቻም ይጓዛሉ። አሞን ሰው ያጣው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አራቱ ባሕርያት አብረው ይሄዳሉ ብሎ ስለተነሳ ነው።

ይህንንም ያኔውኑ ያዩ ነበሩ። በ1870–71 ጦርነት ጊዜ የጀርመን መድፍ የፓሪስን ሙዚየም መታ። እዚያ ይሠራ የነበረው አርማን ደ ካትርፋዥ በንዴት ተነሳና ፕራሻዎች እውነተኛ ጀርመን አይደሉም፣ የፊኖችና የስላቮች ቅልቅል ናቸው ብሎ ጻፈ። በዘር ሳይንስ ስም የተጻፈ ስድብ ነበር። በርሊን ያለው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ መልስ ለመስጠት የጀርመን ተማሪዎች የፀጉር፣ የዓይንና የቆዳ ቀለም በየትምህርት ቤቱ እንዲመዘገብ አስደረገ። 6.76 ሚሊዮን ልጆች ተቆጠሩ። በ1886 በወጣው ውጤት ሙሉ በሙሉ «ወርቃማ» የተባሉት 31.8 በመቶ፣ «ጥቁር» የተባሉት 14 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ ድብልቅ ነው። ከአይሁድ ልጆችም 11 በመቶ ያህሉ ወርቃማ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ቆጠራ ወሬውን ይዘጋዋል ብሎ ለሚያስብ ሰው ተከትሎ የመጣውን ማየት ያስደነግጣል።

የተከተለው ሕግ ነው። ኒው ዮርካዊው ጠበቃ ማዲሰን ግራንት በ1916 የሪፕሊን ሦስት ዘሮች ወስዶ ደረጃ አወጣላቸው፤ ኖርዲክ ከላይ፣ ሌሎቹ ከሥር፣ ታላቁ ዘርም በስደተኛ ሊዋጥ ነው የሚል ሙሾ ጨመረበት። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለእያንዳንዱ አገር የሚሰጠውን ኮታ በ1890 ቆጠራ ላይ ከነበረው የዚያ አገር ተወላጅ 2 በመቶ አደረገው። 1890 የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት የገቡት ከዚያ በኋላ ነበርና። ከሦስት ዓመት በፊት 42,057 የነበረው የጣሊያን ኮታ 3,845 ሆነ። ጀርመን 51,227 አገኘች። ለግሪክ 100 ተሰጣት። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያም ቁጥር 100 ነው። ከግሪክ ጋር በዚህ መንገድ እኩል እንሆናለን ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ቀመሩ በኋላ ቢለወጥም የኮታ አሠራሩ እስከ 1965 ቆየ፤ በ1930ዎቹ ከናዚ ይሸሹ የነበሩ አይሁዶች በሩን ጠባብ ሆኖ ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለብቻው ቲያትር ነበር። ያኔ በስደት መጥቶ አሜሪካዊ ዜግነት ማግኘት የሚችለው «ነጭ» ወይም የአፍሪካ ተወላጅ ብቻ ነው። ጃፓናዊው ታካኦ ኦዛዋ ቆዳዬ ነጭ ነው ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኅዳር 1922 ነጭ ማለት ቆዳ አይደለም፣ «ኮኬዥያን» የተባለው ዘር ማለት ነው ተብሎ ተመለሰ። ሦስት ወር ሳይሞላ ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንዳዊ፣ የአሜሪካን የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው፣ ቀረበ፤ በሊቃውንቱ ምደባ መሠረት እኔ ኮኬዥያን ነኝ አለ። ያው ፍርድ ቤት በየካቲት 1923 ደግሞ ሳይንሱን ትቶ፣ ወሳኙ ተራ ሰው «ነጭ» ሲል የሚያስበው ነው አለና ከለከለው። ቃሉን ያስፋፋው ዮሐን ብሉመንባኽ ነው፤ በ1795፣ ከጆርጂያ የመጣ የአንዲት ሴት ራስ ቅል ውብ ሆኖ ታይቶት። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ቅጽ ላይ ይገኛል።

ጀርመን ውስጥ ሐንስ ጉንተር የሪፕሊንና የደኒከርን ስሞች ወስዶ በ1922 ለሕዝብ የሚሸጥ የዘር መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1930 በናዚው ሚኒስትር ውሳኔ በየና ዩኒቨርሲቲ ወንበር ተሰጠው። ጀርመኖች ያኔ በሹክሹክታ ይቀልዱ ነበር፦ እውነተኛ ኖርዲክ እንደ ሂትለር ወርቃማ፣ እንደ ጎብልስ ረጅም፣ እንደ ጎሪንግ ሸንቃጣ ነው። ፖላንድ ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም። መርማሪዎች በፀጉር፣ በዓይንና በራስ ቅርጽ እየመረጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥቀው «ጀርመን» አደረጓቸው። ስሙ በወረቀት ላይ እስካለ ድረስ የሚያስቅ ነው፤ ማኅተም ያለው ሰው እጅ ሲገባ ነው የሚለየው።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ሰርጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሜዲትራኒያን ዘር መነሻው አፍሪካ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ግሪክና ሮማን የሠራው ዘር፣ የጥንት ግብፃውያንና የምሥራቅ አፍሪካ «ካማውያን» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው አለ። በዚያው ጊዜ በ1896 ዓድዋ ላይ ጣሊያን ተሸነፈ። ሽንፈቱን ለመዋጥ የከበዳቸው አውሮፓውያን አንድ መላ አገኙ፤ ያሸነፉት እኮ ጥቁሮች አይደሉም፣ ነጮች ናቸው የሚል ወሬ። ጦሩ የተሸነፈበትን ምክንያት ከመመርመር የአሸናፊውን ቆዳ ማንጣት ቀለላቸው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያ ካርልተን ኩን ካሊፐሩን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ። ለክቶ ሄደ፤ በ1935 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አወጣ፤ በ1939 ስለ አውሮፓ ዘሮች በጻፈው ትልቅ ሥራም የምሥራቅ አፍሪካን ሰዎች ከሜዲትራኒያን ዘር ጋር አያይዞ ምዕራፍ ውስጥ አስገባቸው። ልጁ ስልኩ ላይ ያገኘው ይህን ነው። ያልደረሰው የቀረው ክፍል ነው። ይኸው ኩን በ1962 ባወጣው መጽሐፍ የሰው ዘሮች «ሙሉ ሰው» የሆኑት በተለያየ ጊዜ ነው፣ ጥቁሮች ዘግይተዋል አለ፤ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚሟገቱትም ደስ ብሏቸው ጠቀሱት።

ጣሊያኖችስ? ኢትዮጵያን በያዙበት ጊዜ የሰርጂ ሐሳብ እሾህ ሆነባቸው። አዲስ አበባ ያለው ተገዢ ከሮማው ገዢ ጋር የአንድ ግንድ ዘመድ ከሆነ ገዢነቱ በምን ይቆማል? በሚያዝያ 1937 ከ«ተገዢ» ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ሕግ ወጣ። በሐምሌ 1938 የወጣው የዘር መግለጫ ደግሞ በስምንተኛው ነጥብ ላይ በግልጽ አስቀመጠው፦ በአውሮፓ ሜዲትራኒያኖችና በአፍሪካውያን መካከል ጥርት ያለ ልዩነት መደረግ አለበት፤ አንዳንድ የአውሮፓ ሕዝቦች ከአፍሪካ መጡ የሚሉና ካማውያንን ከሜዲትራኒያን ዘር የሚደምሩ ሐሳቦች አደገኛ ናቸው። ስህተት ናቸው ብቻ ብሎ አልተወውም፤ አደገኛ ናቸው አለ። በአርባ ዓመት ውስጥ የአንድም ኢትዮጵያዊ ራስ ቅል አልተለወጠም። ዘመድ አድርጎ ያስገባንና ያስወጣን የሮማ ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሰንጠረዥ ላይ «ከፍ» ያለ ቦታ ስናገኝ ደስ የሚለን ሰዎች የሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ እየተመካንበት ነው። በ2024 የታደሰው የአሜሪካ መንግሥት የዘር ቅጽ ኢትዮጵያዊን «ጥቁር» በሚለው ሥር በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ በኩን መጽሐፍ ሌላ ቦታ ነው ያለነው፤ በ1938ቱ የሮማ ወረቀት ሌላ። ሰውየው ያው አንድ ነው።

የቪዲዮው ወጣትና መሰሎቹ አሁን አዲስ ካባ ደርበዋል፤ የጥንት አጥንት ዘረ መል። ከ2014 ጀምሮ የወጡ ጥናቶች የዛሬዎቹ አውሮፓውያን በዋናነት ከሦስት ምንጮች እንደተቀዱ አሳይተዋል፤ ከጥንቶቹ አዳኞች፣ ከስምንት ሺህ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ከአናቶሊያ ከመጡ ገበሬዎች፣ ከአምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕር ሰሜን ሜዳዎች ከመጡ ከብት አርቢዎች። «ሦስት!» ብለው ዘለሉ። ሪፕሊም ሦስት ብሏል፤ ስለዚህ ገበሬው ሜዲትራኒያን፣ ከብት አርቢው ኖርዲክ መሆኑ ነው።

መግጠም የለም። ሦስቱም ምንጮች በአብዛኛው አውሮፓዊ ውስጥ አብረው አሉ፤ የሚለያየው መጠናቸው ነው፤ በሰርዲኒያ የገበሬው ድርሻ ከፍ ይላል፣ በሰሜን የከብት አርቢው። መልካቸውም ሥዕሉን አይታዘዝም። ስፔን ውስጥ ላ ብራኛ የተባለ ቦታ የተገኘው የ7,000 ዓመት አዳኝ ዘረ መሉ ሲነበብ ጠቆር ያለ ቆዳና ሰማያዊ ዓይን የነበረው ነው የሚመስለው። የዛሬውን አውሮፓዊ ቆዳ ካነጡት ዘረ መሎች አንዱን በብዛት ይዘው የገቡት ከደቡብ ምሥራቅ የመጡት ገበሬዎች ናቸው። «ኖርዲክ» የሚደረጉት ከብት አርቢዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቡናማ ዓይንና ጥቁር ፀጉር ነበራቸው። ወርቃማው ረጅም ሰው ከአንድ ቦታ ተሟልቶ አልመጣም፤ በመንገድ ላይ የተሠራ ነው፤ ሪፕሊ እንደ ጥንታዊ ንጹሕ ግንድ የቆጠረው የቅርብ ጊዜ ቅልቅል ሆኖ ተገኘ። የዘረ መል ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እንዳሰላው ደግሞ በሰዎች መካከል ካለው የውርስ ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የሚገኝ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በሁለት ቡና ጊዜ አወራሁለት። ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን አውጥቶ ፊት አይቶ ዘር እናገራለሁ በሚል መተግበሪያ ራሱን አነሳ፤ ሳሎን ውስጥ፣ በአምፖል ብርሃን። «ሜዲትራኒያን» አለው። መስኮቱ ጋ ቆሞ ድጋሚ ሲነሳ ሌላ ስም አወጣለት። ፊቱን ቅጭም አድርጎ ስልኩን ትንሽ ሲያየው ቆየና፣ «ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም» ብሎ ሦስተኛ ሊነሳ ወደ በረንዳ ወጣ።